በልጆች እርምጃ ልክ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 33፥12-17

ያዕቆብና ኤሳው ከብዙ ዓመታት መለያየት በኋላ ተገናኝተው ተቃቀፉ፣ ተላቀሱም። ይህን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ንግግር ግን ብዙ ጊዜ አልፈነው እንሄዳለን። አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ የመጣው ኤሳው አብረው እንዲጓዙ ጋበዘው። ያዕቆብ ግን በትሕትና አልተቀበለውም። ልጆቹ ገና ለጋ እንደሆኑ፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉት፣ አንድ ቀን እንኳ ቢያቻኩሏቸው መንጋው እንደሚያልቅ ነገረው። ወንድሙ ይቅደም፤ እርሱ በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ይከተላል።

ያዕቆብ ይህን ያለው ኤሳውን ስለፈራ ነው የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ያዕቆብን እናውቀዋለን። ያቀረበው ምክንያት ግን እውነት ነው። ልጅ በአራት መቶ ወታደር እርምጃ አይሄድም።

እኛ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት የምንኖር አማኞች ግን ሳምንቱን የምንጓዘው በአራት መቶዎቹ እርምጃ ነው። ጠዋት ከመገናኛ መጨናነቅ ለማምለጥ ልጁ ሳይነቃ እንወጣለን፤ ማታ ልጁ ሲያንቀላፋ እንመለሳለን። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ሰርግ ወይም ለቅሶ፣ ከዚያ የመዘምራን ልምምድ። እሁድ ጠዋት አምልኮ፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፣ ማታ የቤት ለቤት ኅብረት። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጃችን ሳምንቱን ሙሉ ከእኛ የሰማው ቃል ቢቆጠር "ቶሎ በል" የሚለው ይበዛል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜና እሁድ ከትንሽ ልጃችን ጋር፣ በአቅማችንና በልጁ እርምጃ ልክ ከከተማ ወጣ ማለት ቅንጦት አይደለም፤ የአገልግሎት መላላትም አይደለም። የወላጅነት አገልግሎት አንዱ ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ልታግዝ እንጂ ልታሳቅቅ አይገባም።

ጌታስ ምን አደረገ?

ማርቆስ 6፥31 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ተመልሰው የሠሩትን ሲነግሩት፣ የሚመጣው የሚሄደው ሰው ስለበዛ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታ ያን ጊዜ ሌላ መርሐ ግብር አልጨመረላቸውም፤ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። እርግጥ ሕዝቡ ቀድሞ ደርሶ ጠበቃቸው፤ ጌታም አዘነላቸው። ዕረፍታችን ሁልጊዜ እንዳሰብነው አይሆንም። ግብዣው ግን ከጌታ አፍ የወጣ ነው።

ከዚያም በፊት የሙሴ ሕግ ለቤተሰብ የጉዞ በዓል ሠርቶ ነበር። በዳስ በዓል እስራኤላውያን ከቤታቸው ወጥተው ለሰባት ቀን በቅጠል ዳስ ይቀመጡ ነበር። ዘዳግም 16፥14 በዚያ ደስታ እነማን እንዲካፈሉ እንዳዘዘ እንይ፦ ወንድና ሴት ልጅ፣ አገልጋዮች፣ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ አባት የሌለውና መበለቲቱ። ዳስ የድሃም የሀብታምም ነው፤ ቅጠሉ አንድ ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያዘጋጀው የቤተሰብ ዕረፍት ርካሽ ነበር።

ያዕቆብም ከኤሳው ከተለየ በኋላ የሄደው ሩቅ አይደለም። ለከብቶቹ ዳስ ሠራ፤ የቦታው ስም ሱኮት የተባለውም ከዚያ ነው፣ ዳሶች ማለት ነው።

የት እንሂድ?

በልጅ እርምጃ ስናስብ የመጀመሪያው ጥያቄ "የት ያምራል?" ሳይሆን "ልጁ ምን ያህል መንገድ ይችላል?" ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ለእርሱም ለወላጁም ፈተና ነው። ይህን መለኪያ ከያዝን ሐዋሳና አርባ ምንጭ ለሌላ ጊዜ ይቆያሉ፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለእኛ ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪዎች ቅርቡ ቢሾፍቱ ነው፤ ከመሃል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የግል መኪና ያለው ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ትንሽ ከፍሎ ይሄዳል፤ መኪና የሌለው ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያገኛል። ሚኒባስ ውስጥ ልጅን አቅፎ መሄድ ያስቆጥባል፤ ሆኖም ለልጁ ለብቻው ወንበር መክፈልን እንመክራለን። በግል መኪናም ቢሆን ልጅ በፊት ወንበር በእቅፍ አይቀመጥ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አየሩ ሞቅ ይላል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና የከተማዋን ስም የያዘው የቢሾፍቱ ሐይቅ በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ውሃዎች ናቸው። ለልጅ ይህን መንገር ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እሳት የቆፈረውን ጉድጓድ እግዚአብሔር ውሃ ሞልቶ የወፍ መኖሪያ አደረገው። ጥንቃቄም አለ። እንዲህ ያሉ ሐይቆች ከዳር ጀምረው በድንገት ይጠልቃሉ፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በውሃ ዳር ሳለን ልጁን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። "ሁላችንም እናየዋለን" ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው።

ልጅን የሚያስደስተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውዱ ነገር አይደለም። የቢሾፍቱ የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጁ፣ በሐይቁ ዳር የሚለቀም ጠጠር ይበቃዋል። ሐይቅ ዳር ያሉ አንዳንድ መዝናኛዎች ሳያድሩ በቀን መግቢያ ብቻ ያስገባሉ፤ የመግቢያው ክፍያ ከምግብ ሒሳብ ይቀነስ እንደሆነ በስልክ ጠይቆ መሄድ ጥሩ ነው።

ማደር ለማይችል ቤተሰብም ዳሱ ቅርብ ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ መጓጓዣ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን በመስኮት ከተማውን የሚያይበት ሽርሽር ነው። ሕዝብ በማይበዛበት ሰዓት ተሳፍሮ ስታዲየም መውረድና በመስቀል አደባባይ ልጁን ማስሮጥ ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው አንድነት ፓርክ የእንስሳት ማቆያ አለ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ሹራብና ኮፍያ ይያዝ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ አለ፦ ቦሌ አካባቢ ጣሪያ ላይ ወይም ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ የሚነሱትንና የሚያርፉትን አውሮፕላኖች መቁጠር።

በስንት?

ጌታ በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል። ዋናው ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት ቢሆንም ጤናማው የቤት ሒሳብም ይኸው ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ አምና የነበረን ዋጋ በአእምሮ ይዞ መውጣት መንገድ ላይ ያስቀራል።

አንደኛ፣ ያለንን ገንዘብ በአራት እንክፈለው። ከመቶ 40 ለማደሪያ፣ 25 ለመጓጓዣ፣ 20 ለምግብ፣ 15 ለማይታሰብ ነገር። ልጅ ባለበት የማይታሰብ ነገር አይቀርም፤ ሌሊት ትኩሳት ይነሳል፣ ጫማ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሳይነካ ከተመለሰ ለሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የማደሪያ ዋጋ ስንጠይቅ ሁሉንም ያካተተ መሆኑን እናረጋግጥ። "2,000 ብር" የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 2,530 ብር ይሆናል። ያ 530 ብር የልጁ ምሳ ነበር። ከወላጆቹ ጋር በአንድ አልጋ ለሚተኛ ሕፃን ክፍያ አለ ወይ? ቁርስ ይጨምራል ወይ? አርብ ወይም ቅዳሜ ከማደር እሁድ ማደር ይረክሳል ወይ? አንድ ስልክ ብዙ ያተርፋል።

ሦስተኛ፣ ምግብ ከቤት ይያዝ። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ሙዝና የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይዞ የሄደ ቤተሰብ አንዴ ብቻ ሆቴል ቢበላ ይበቃዋል። ኦ አር ኤስና የትኩሳት መድኃኒት አይረሳ። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ወባ ስለሚኖር ለልጁ የአልጋ አጎበር መያዝ ብልኅነት ነው።

አራተኛ፣ ቀኑን እንምረጥ። የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ በሚከበርበት የመስከረም መጨረሻና በበዓላት ሰሞን ቢሾፍቱ ከሕፃን ጋር መሄድ በሕዝብ ብዛትና በዋጋ ይከብዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሐይቅ እዚያው አለ።

አምስተኛ፣ ተበድረን አንሂድ። ምሳሌ 22፥7 ተበዳሪ የአበዳሪው ባሪያ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ለዕረፍት ተብሎ ባርነት አይገባም። 6,000 ብር የሚያስፈልገው ቤተሰብ በሳምንት 500 ብር ቢያስቀምጥ በ12 ሳምንት ይሞላለታል። በሳምንት 100 ብር ብቻ የሚችል በ12 ሳምንት 1,200 ብር ይኖረዋል፤ እርሱም የቀን ሽርሽሩን ያቅዳል። በአንድ የቤት ለቤት ኅብረት ያሉ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ለዚህ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዕቁብ ቢጥሉስ?

እዚህ ላይ ስለ አንድ የአካባቢያችን ፈተና በግልጽ እንናገር። ጎረቤት የሄደበት ባለ ኮከብ ሎጅ ፎቶ በስልካችን ሲያልፍ፣ የእኛ ድፎና ሙዝ የሚያሳፍር ይመስለናል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ኮከብ አይቆጥርም። ልጁ የሚያስታውሰው አባቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አብሮት ጠጠር መወርወሩን ነው። እፍረቱ የእኛ እንጂ የልጁ አይደለም።

እሁድስ?

"እሁድን ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ልማድ ይሆናል" የሚሉ ሽማግሌዎች ስጋታቸው ትክክል ነው። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰባችንን እንዳንተው ይመክራል። መልሱ ግን ቤት መቅረት ሳይሆን እዚያም መሰብሰብ ነው። ቢሾፍቱ የብዙ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከተማ ናት፤ የመሠረተ ክርስቶስ ሴሚናሪም እዚያው ይገኛል። እሁድ ጠዋት ልጃችንን ይዘን በእንግድነት ብንገባ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚዘመረውን ቢሰማ፣ ጌታ የሚመለከው በእኛ አዳራሽ ብቻ አለመሆኑን በልቡ ይዞ ይመለሳል። ይህን በሰንበት ትምህርት ክፍል በሥዕል ብናስተምረው እንዲህ አይገባውም። ወይም አርብ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ቅዳሜ ማታ መመለስ ይቻላል።

"ገንዘቡ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ወይ?" የሚልም ይኖራል። ለድሃ መስጠት ከማንኛውም ሽርሽር ይቀድማል፤ አሥራትና መባም ለጉዞ አይነካም። ይሁን እንጂ የዳስ በዓል ሕግ ሁለቱን አልነጣጠለም፤ ድሃው ራሱ በደስታው እንዲካፈል አዘዘ። ከኅብረታችን ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እህት ካለች እርሷንና ልጇን ይዞ መሄድ ወጪውን በትንሽ ይጨምራል፤ ዕረፍቱን ግን የእግዚአብሔር ዕረፍት ያደርገዋል።

ሳንናገረው ማለፍ የማንችለው ሌላም ሰው አለ፤ እርሷም የቤት ሠራተኛችን ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ያዛል። በሰው ቤት የሚሠሩትን ግን ይህ ዐዋጅ አይሸፍናቸውም። ዘዳግም 5፥14 ግን ይሸፍናቸዋል፤ የሰንበት ዕረፍት የታዘዘው ወንድና ሴት አገልጋይም እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ነው። እኛ ዕረፍት ብለን ስንሄድ እርሷን ሕፃን እንድትሸከም ይዘናት ከሄድን፣ ወይም ቤት እንድትጠብቅና ምንጣፍ እንድታጥብ ትተናት ከሄድን፣ አረፍን የምንለው በእርሷ ትከሻ ላይ ነው። ደመወዟን ሳንቀንስ፣ የትራንስፖርት ጨምረን፣ ወደ ዘመዶቿ እንላካት። በእቅዳችን ውስጥ ከማደሪያው ቀጥሎ የሚጻፈው ወጪ ይህ ይሁን።

በልጅ እርምጃ ሁለት ቀን

መርሐ ግብሩ አጭር ይሁን፤ ጠዋት አንድ ነገር፣ ከዚያ የልጁ የቀን እንቅልፍ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር። ጉዞውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ወይም ልጁ በሚያንቀላፋበት ሰዓት እንጀምር። እሁድ ስንመለስ ከ8 ሰዓት በፊት ብንነሳ የማታውን መጨናነቅ እናመልጣለን። ስልኩ ለፎቶ አንዴ ይውጣና ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ማታ ረጅም ጸሎት አያስፈልግም፤ ልጁ በቀኑ ያየውን ሦስት ነገር ይጥራ፣ ለሦስቱም "ጌታ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ" ይበል፣ ይተኛ። ዘዳግም 6፥7 ቃሉን ለልጆቻችን በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ እንድናስተምር ያዘናል። የመንገዱን ግማሽ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

ይህ ለቤተ ክርስቲያንም ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾች በደርግ ሲዘጉ እምነት የተላለፈው በየቤቱ፣ በትንሽ ኅብረት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ነው። ዛሬ በሮቻችን ክፍት ናቸው፤ መርሐ ግብራችንም ሙሉ ነው። ነገር ግን ልጁ ከወላጁ ጋር ቁጭ የሚልበት ሰዓት ካጣ፣ ማንም ሳይዘጋን በገዛ ሩጫችን ዘግተነዋል ማለት ነው።

ስለዚህ መሪዎቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው አገልጋዮች በሦስት ወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ከልምምድና ከስብሰባ ነጻ ይሁን፤ ያም በመርሐ ግብሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ፈቃድ ጠያቂው እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ አይቁም። ከመድረክም "ወንድማችንና እህታችን ከልጃቸው ጋር ናቸው፣ እንጸልይላቸው" ይባል።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም፣ ይህን ስታነቡ የምናመልከው አምላክ ምን ዓይነት እንደሆነ አስተውሉ። ኢሳይያስ 40፥11 እንደሚነግረን ጠቦቶቹን በክንዱ ይሰበስባል፣ በብብቱም ይሸከማቸዋል፤ የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል። የሚነዳን ሳይሆን የሚመራን አምላክ ነው። ልጆቻችን ይህን መጀመሪያ የሚያውቁት ከስብከት አይደለም፤ እጃቸውን ይዘን ከምንሄድበት ፍጥነት ነው።

አራት መቶዎቹ ይቅደሙ። እኛ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

ጌታ ቤታችሁንና መንገዳችሁን ይባርክ። አሜን።